ልጃችሁ ኪሞ (የካንሰር መድኃኒት) ላይ እያለ ጸበሉን፣ ጾሙንና መድኃኒቱን አብሮ ማስኬጃ መንገድ

ይቺ ጥያቄ በቃ አላቋርጥ አለች። «ልጄ የደም ካንሰር ነው ተባለ፣ ኪሞ ጀምሯል፣ ጸበል ላስጠምቀው ወይስ ክልክል ነው?»፣ «ጾሙስ?»፣ «አማቴ መድኃኒቱን አቁሙና ሱባኤ ግቡ እያሉኝ ነው ምን ልበላቸው?»። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ስመልስ ግማሹን እየረሳሁ ስለሆነ አንዴ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፣ ከዚህ በኋላ የሚጠይቀኝን ይህንን አንብብ ነው የምለው።

ሀኪም አይደለሁም። ኦርቶዶክስ እናት ነኝ፣ ልጄ ሉኬሚያ (የደም ካንሰር) ታማ ህክምናዋን ጨርሳለች፣ ዋርድ (የሆስፒታሉ ማስተኛ ክፍል) ውስጥም ከሌሎች ወላጆች ጋር ብዙ ጊዜ አሳልፌያለሁ። የምጽፈው ልጆች ላይ በብዛት ስለሚታየው ኤ ኤል ኤል ስለሚባለው ሉኬሚያ ነው፣ ሌላ ዓይነት ካንሰር ከሆነ የመድኃኒቱ ነገር ይለያያል፣ የትኩሳቱና የንጽህናው ነገር ግን ኪሞ የሚወስድ ልጅ ሁሉ ላይ ያው ነው። እዚህ ያለው ነገር የእናንተ ሀኪም ከሚላችሁ ጋር ከተጋጨ የሀኪማችሁን ስሙ።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ጭንቅላታችሁ ውስጥ ይግባ፣ ቀሪው ሁሉ ከነዚህ የሚመጣ ነው። አንደኛ፣ ኪሞ ካንሰሩን ሲመታ በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሴልም አብሮ ይመታል፣ ስለዚህ ሌላው ልጅ በጉንፋን የሚያልፈው ነገር ለዚህ ልጅ በሰዓታት ውስጥ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ በፕሮግራሙ ካልተወሰደ የተረፉት ጥቂት የካንሰር ሴሎች መልሰው ይራባሉ፣ ሁለተኛ ሲመጣ ደግሞ ማከም በጣም ከባድ ነው። እንግዲህ ጸበሉም ጸሎቱም ቁርባኑም ይቀጥላል፣ ግን የመድኃኒት ሰዓት ሳያስቀርና ልጁን ለኢንፌክሽን ሳያጋልጥ። እንዴት? ከታች አለ።

የሚያስፈልጋችሁ ነገር

- ዲጂታል ቴርሞሜትር፣ ሁለት ቢሆን ይመረጣል (ባትሪው የሚያልቀው ሌሊት ነው ሁሌም)
- ወፍራም ደብተርና እስክሪብቶ፣ የላብራቶሪ ወረቀትና የሪፈር ደብዳቤ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ፎልደር
- ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ፣ የእኛም የፈረንጁም ቀን ያለበት
- ሳሙና፣ ሳኒታይዘር፣ ለልጅ የሚሆን ማስክ
- በጣም ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ
- ሽሮፕ መለኪያ ሲሪንጅ (የሻይ ማንኪያ አይሆንም፣ የሁሉም ቤት ማንኪያ መጠኑ ይለያያል)
- ክዳን ያለው ጆግ ወይም ጀሪካን፣ ለፈላ ውሃ ብቻ የሚሆን
- ሁሌ የታሰረች ቦርሳ፦ ቅያሬ ልብስ፣ ፎልደሩ፣ የጤና መድህን ካርድ፣ ትንሽ ብር፣ ቻርጀር። ትኩሳት ከተነሳ ይዛችሁ የምትሮጡት ይቺን ነው
- የንስሐ አባታችሁና የዋርዱ ስልክ፣ ወረቀት ላይ የተጻፈ

1. ህክምናው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቃችሁ ጻፉ

የኤ ኤል ኤል ህክምና በአጠቃላይ ሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ፣ አንዳንዴ እስከ ሦስት ዓመት ይሄዳል። የመጀመሪያው አንድ ወር ገደማ ከባዱ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ተኝቶ ነው፣ ከዚያ የማጠናከሪያው ይመጣል፣ ከዚያ ደግሞ ቤት ሆኖ በአብዛኛው ኪኒን እየዋጠ በቀጠሮ የሚመላለስበት ረጅሙ ክፍል አለ።

ይህን ለምን መጀመሪያ አደረግኩት? ምክንያቱም ከመጀመሪያው ወር በኋላ ምርመራው «ካንሰር አይታይም» ይላል፣ ልጁ ይበላል ይጫወታል፣ ዘመድ ሁሉ እልል ይላል፣ ተመስገን ተብሎ ስለት ይገባል፣ እዚያው ላይ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሀገሩ ይገባል። አይታይም ማለት አልቋል ማለት አይደለም፣ በማይክሮስኮፕ የማይገኝ ቀሪ አለ፣ ረጅሙ ኪኒን የሚሰጠው ለዚያ ነው። ምስጋናውን አቅርቡ፣ ስለቱንም አግቡ፣ ቀጠሮውን ግን አትዝለሉ። ይህንን ለአያቶቹም ከመጀመሪያው ንገሯቸው፣ በኋላ «ድኖ ሳለ መርዝ ታበሉታላችሁ» እንዳይሉ።

2. ንስሐ አባታችሁን በጊዜ አግኟቸው፣ ጥያቄዎቹን ጽፋችሁ ሂዱ

ብዙ ሰው ቄሱን የሚጠራው ነገር ሲከፋ ነው። አታድርጉት። በመጀመሪያው ሳምንት ሂዱና የሀኪሙን ትእዛዝ በግልጽ ንገሯቸው፦ ህዝብ የሚበዛበት ቦታ እንደማይሆንለት፣ ያልፈላ ውሃ እንደማይጠጣ፣ መድኃኒቱ ሰዓት እንዳለው። ከዚያ አራት ነገር ጠይቋቸው፦ ጾሙ እንዴት ይሁን፣ ጸበሉ ቤት መጥተው ይባርኩልን ወይ፣ ቁርባኑ መቼ ይመቻል፣ እኛ ወላጆቹ ሆስፒታል ስናድር የጸሎት ሥርዓታችን ምን ይምሰል። የሚሏችሁን ደብተሩ ላይ ጻፉት፣ ምክንያቱም በኋላ ዘመድ ሲከራከራችሁ «እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ አባ እገሌ ናቸው» የምትሉበት ነው፣ ይህ ደግሞ ከየትኛውም የሀኪም ማብራሪያ በላይ ይሠራል።

ዘመድ «መድኃኒትና ጸበል አብሮ አይሄድም» ካለ ሁለት ነገር ያዙ። አንዱ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ነው፣ ባለ መድኃኒትን አክብር፣ መድኃኒቱንም ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር ነው የሚለው፣ አውጥታችሁ አስነብቧቸው። ሌላው የኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ የነበረው ነው፣ ያኔ ጸበል የሚጠመቁ ሰዎች መድኃኒታቸውን ሲያቆሙ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። አማቶች ላይ በተለይ ሁለተኛው ይሠራል።

ፕሮቴስታንት ለሆናችሁም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፣ የእናንተ ፈተና «ተፈውሷል ብለን አውጀናል፣ ከዚህ በኋላ ኪኒን መዋጥ አለማመን ነው» የሚለው ነው። ፓስተራችሁን ቀድማችሁ አናግሩ፣ የሚጸልየው ቡድን ቤት ሲመጣ ከሦስት አራት ሰው አይብለጥ፣ እጅ የሚጭን ሰው እጁን ይታጠብ።

3. ትኩሳት፦ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳ

በብብት ተለክቶ 38 ከሞላ፣ ወይም 38 ባይሞላም ካንቀጠቀጠውና ብርድ ብርድ ካለው ሌሊትም ቢሆን፣ የጥምቀት ዕለትም ቢሆን ተነስታችሁ ሆስፒታል። አንዳንድ ክፍል ከ38 ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል፣ የእናንተን ጠይቁና ቁጥሩን ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። እዚያ ስትደርሱ ተራ አትጠብቁ፣ የመጀመሪያ ቃላችሁ «ኪሞ ላይ ያለ ልጅ ነው፣ ትኩሳት አለው» ይሁን፣ ምክንያቱም በደም ስር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦

- ሳትለኩ ፓራሲታሞል አትስጡ። ትኩሳቱን ያወርደዋል፣ ኢንፌክሽኑ ግን እዚያው ነው፣ እናንተም ቀለለው ብላችሁ ትተኛላችሁ።
- አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ጭራሽ አይሰጥ፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ዝቅ ስለሚል ደም ያፈሰዋል።
- በፊንጢጣ ቴርሞሜትርም ሆነ የሚከተት መድኃኒት አይሆንም፣ ትንሽ ጭረት ባክቴሪያ ያስገባል።
- «ጸበል ረጭተነው እስኪነጋ እንየው» አይባልም። ርጩት፣ መንገድ ላይ እየሄዳችሁ ርጩት።

4. ጸበል

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ክልክል ነው አይደለም የሚለውን ትተን አደገኛው ምኑ ነው ብለን እንጠይቅ። በእምነቱ በኩል ሀኪም የሚከራከራችሁ ነገር የለም። የሚፈራው ሦስት ነገር ነው፦ ያልፈላ ውሃ መጠጣት፣ በማለዳ በቀዝቃዛ ውሃ ከብዙ በሽተኛ ጋር ተጨናንቆ መጠመቅ (እዚያ ቲቢ ያለበትም ሳል ያለበትም አለ)፣ እና እጁ ላይ የተሰካው ካኑላ (መድኃኒት የሚገባበት ቀጭን ቱቦ) ወይም የመርፌው ቁስል መርጠብ። እነዚህን ሦስቱን ካስቀራችሁ ጸበሉ አልቀረም ማለት ነው።

እኛ ያደረግነውና ዋርድ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ሲያደርገው ያየሁት እንዲህ ነው፦

ሀ. ከማታው ውሃ በደንብ አፍሉ፣ እስኪንተከተክ ይቆይ፣ በዚያው ድስት ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ያልታጠበ ዕቃ ላይ ገልብጣችሁ እንደገና እንዳታቆሽሹት።

ለ. ጆጉን በሳሙና እጠቡና በፈላ ውሃ አለቅልቁት፣ የቀዘቀዘውን ውሃ ጨምሩበት፣ ክደኑት።

ሐ. ካህኑን ቤት ጥሩ። ቤት ጸበል ማስረጨት የለመድነው ነገር ነው፣ የሚለየው የምታቀርቡላቸው ውሃ ቀድሞ የፈላ መሆኑ ብቻ ነው። ሲመጡ እጃቸውን እንዲታጠቡ ውሃና ሳሙና አቅርቡ፣ ማንም ካህን በዚህ አይቀየምም፣ አስታጣቢ ሆኖ መቆም ራሱ ያገራችን ወግ ነው። መስቀላቸውንም ውሃው ውስጥ የሚነክሩ ከሆነ ቀድሞ ይታጠብላቸው፣ በትህትና ጠይቁ።

መ. ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ለልጁ የሚጠጣው ትንሽ በንጹህ ኩባያ ይቀዳለት፣ ቀሪው ተከድኖ ይቀመጥ፣ በነጋታው ያደረውን አዋቂ ይጠጣው። ለልጁ ተከፍቶ ከተቀዳለት በኋላ ያደረ ውሃ አትስጡ።

ሠ. ገላው ላይ ማድረግ ከፈለጋችሁ ለብ ባለ ውሃ፣ በር ተዘግቶ፣ በንጹህ ፎጣ ግንባሩንና እግሩን ማበስ ይበቃል። ካኑላ ያለበት እጅ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ይያዝ። ወዲያው አድርቁት።

ከቤተክርስቲያን የመጣ ጸበል ከሆነስ? ይረጭ፣ ቤቱም ልጁም ይረጭ፣ ዓይኑና አፉ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ። ማፍላት ይቻላል አይቻልም የሚለውን ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። ጀሪካን ውስጥ ለሳምንታት የቆየውን ግን በምንም መንገድ አያጠጡት፣ አረንጓዴ የያዘ ጀሪካን አይቻለሁ።

እምነቱን (አፈሩን) ደረቅ ሆኖ ግንባር ላይ ማድረግ ችግር የለውም። ቁስል ላይ፣ መርፌ የተወጋበት ላይ፣ አፍ ውስጥ ግን አይሆንም። ቅብዐ ቅዱስም ያው፣ ያልተላጠ ቆዳ ላይ።

ሩቅ ጸበል ሄዶ መሰንበት፣ ሸንኮራ ዮሐንስ በሉት ጻድቃኔ ማርያም፣ ለልጁ አይሆንም፣ ምክንያቱ ርቀቱ ነው፣ ትኩሳት ቢነሳበት በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ ከየት ታገኛላችሁ? አባት ወይም አክስት ስለ እሱ ሄደው ሱባኤ ይያዙ፣ ልጁ ከሆስፒታሉ አይራቅ። ዘመድ «ካልሄደ አይድንም» ሲል ይህንን ማካፈል ሁሉንም ያስማማል፣ ሥራ ያጡ አጎቶችም ሥራ ያገኛሉ።

5. ቤተክርስቲያን መሄድ፣ መስቀል መሳለምና ቁርባን

የደም ምርመራው ላይ ኒውትሮፊል (በሽታ ተከላካዩ ነጭ የደም ሴል) የሚል ቁጥር አለ። ከ500 በታች ከሆነ ልጁ ቤት ይሁን፣ ከዚያ በላይም ቢሆን መውጣት ይችላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሲፈቀድለት እንኳን ንግሥ አይወሰድም። የሥራ ቀን ቅዳሴ ሰው ስለሚቀንስ ያንን ምረጡ፣ ውጪ ዛፍ ሥር ተቀመጡ፣ እጣኑ ደረቱን የሚያሳስለው ከሆነ ከጭሱ ራቅ በሉ።

መስቀል፦ በብዙ ሰው አፍ የተሳመ ነው፣ ካህኑን «ግንባሩን ይንኩልን አባ» በሉ፣ ያደርጉታል።

ቁርባን፦ እዚህ ላይ ሰው የማያስበው ነገር አለ። የኪሞ ቀንና ማግስቱ ልጁ ያስመልሰዋል፣ ቆርቦ ቢያስመልስ ደግሞ እናንተም ካህኑም ትጨነቃላችሁ፣ ስለዚህ ቀኑን ስትመርጡ ከኪሞ ራቅ ያለና ጠዋት ሳያቅለሸልሸው የሚነሳበት ሳምንት ይሁን። አፉ ከቆሰለም ይቆይ። ጠዋት የሚወሰድ መድኃኒት ካለው ሀኪሙን ከቅዳሴ በኋላ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ በራሳችሁ አታዘግዩት። ህፃናት ቀድመው ስለሚቆርቡ ሰልፍ ውስጥ ብዙ አይቆምም፣ ቢሆንም ለካህኑ ንገሯቸው።

ማተቡ ላብና ጸበል የጠጣ አሮጌ ክር ከሆነ በአዲስ ይቀየር። ለፕሮሲጀር አውልቁ ሲባል አትጣሉ፣ ነርሷን እጁ ላይ እንሰርለት በሏት።

6. ጾምና ምግብ

ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ድሮም ጾም የለበትም፣ ከዚያ በላይ ያለውም በሽተኛ ነው፣ ንስሐ አባታችሁ ይፈቱለታል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ወላጁ ሳይሆን ልጁ ነው፣ በተለይ ፍልሰታ ላይ ጓደኞቹ እየጾሙ እየቆረቡ እሱ ወተት ጠጣ ሲባል ያለቅሳል። ካህኑ ራሳቸው ይንገሩት፣ ከእናቱ አይሰማም። በምትኩም ሌላ ነገር ይስጡት፣ ለምሳሌ ማታ ማታ አንድ ጸሎት ማንበብ ወይም የሚወደውን ጨዋታ አንድ ቀን መተው።

የጾም ምግብ የሚበላባቸው ቀናት ካሉ ፕሮቲኑ አይጥፋ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ኦቾሎኒ ቅቤ። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን እየወሰደ ግን በባዶ ሆድ አይዋጥም፣ ጨጓራውን ይልጠዋል። እነዚህ መድኃኒቶች ረሃብ ያመጣሉ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ ፍርፍር የሚጠይቅ ልጅ ሆዳም ሆኖ አይደለም፣ ፊቱ ቢነፋም ይመለሳል፣ ቁጣውም ይመለሳል።

የማይበላ፦ ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተትና ከሱ የተሠራ እርጎና አይብ፣ ያልተቀቀለ ሰላጣ፣ መንገድ ላይ የተቆረጠ ፍራፍሬ፣ ያደረ ወጥ። የሚበላ፦ በደንብ የበሰለ ሁሉ፣ አጥሚት፣ ገንፎ፣ የበሰለ እንቁላል፣ ራሳችሁ ታጥባችሁ የላጣችሁት ሙዝና ብርቱካን። ፌጦ፣ ዳማከሴ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሰው «ለካንሰር ፍቱን ነው» ብሎ ያመጣው ቅጠል፣ ሀኪሙ ሳያውቅ አይሰጥ፣ ኪሞው ራሱ ጉበትን ያደክማል፣ ሌላ ነገር ሲጨመርበት የጉበት ምርመራው ይበላሽና ኪሞው ይቋረጣል።

7. ቤት ውስጥ የሚዋጠው መድኃኒት

እዚህ የሚሠራ ስህተት ሕይወት ያጠፋል፣ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

በረጅሙ ክፍል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ኪኒን አለ። ሜርካፕቶፕዩሪን በየቀኑ ይዋጣል። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይዋጣል። ሁለቱም ትናንሽ ኪኒኖች ናቸው፣ ሜቶትሬክሴት በስህተት በየቀኑ ከተዋጠ መቅኔውን ያደርቃል፣ አፍና አንጀት ያቆስላል፣ ይገድላል። አንድ ቀን ምረጡ፣ ረቡዕ ካላችሁ ሁሌ ረቡዕ፣ የቀን መቁጠሪያው ላይ ረቡዕ ረቡዕን በቀይ ክበቡ፣ ሁለቱን ኪኒን አንድ ቦታ አታስቀምጡ፣ የሚሰጠውም ሰው አንድ ይሁን። ሌላ ሰው ከተካችሁ ሰጥቶ ሲጨርስ ቀን መቁጠሪያው ላይ ይፈርም።

ሰዓት፦ ወረቀቱ ላይ «6» ተብሎ ከተጻፈ የማን ሰዓት ነው? ነርሶች ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ሰዓት ይጽፋሉ፣ እኛ በእኛ እናነባለን፣ «በየ12 ሰዓቱ»ና «12 ሰዓት ላይ» ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከዋርድ ሳትወጡ «ጠዋት ስንት ሰዓት፣ ማታ ስንት ሰዓት፣ በእኛ» ብላችሁ አስጽፉ።

ውጦ ካስመለሰ ደግማችሁ አትስጡ፣ ደውላችሁ ጠይቁ። ፕሬድኒሶሎንን በራሳችሁ በድንገት አታቁሙ፣ ሰውነቱ ራሱ የሚያመርተውን ተመሳሳይ ሆርሞን ስለሚያቆም ልጁ ሊወድቅ ይችላል።

ስለ ጀርባው መርፌ። ከጀርባ ውሃ ቀድተው እዚያው ኪሞ የሚሰጡበት ነገር ብዙ ወላጅ «ሽባ ያደርገዋል» ብሎ ይሸሻል። መርፌው የሚገባው ዋናው ነርቭ ካለቀበት በታች ባለው ቦታ ነው፣ የሚደረገውም የደም ስር ኪሞ ወደ ጭንቅላት በደንብ ስለማይደርስ ካንሰሩ እዚያ እንዳይደበቅ ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ በተባለው ሰዓት ልክ በጀርባው ይተኛ። ራስ ምታት ሊኖር ይችላል፣ ውሃ ይጠጣ።

8. ጠያቂ፣ እድርና ወንድም እህቶቹ

እግዚአብሔር ይማርህ ለማለት ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል፣ አለመምጣትም ነውር ነው፣ እናንተም «አትምጡ» ማለት ይከብዳችኋል። አንድ ዘመድ በር ላይ መድቡ፣ በተለይ አፉ የሚቀናውን። ሥራው ጉንፋን የያዘውን መመለስ፣ እጅ ማስታጠብ፣ ልጁን እንዳይስሙት ማድረግ ነው። ምግብ ይዞ ለሚመጣ «በሱ ፋንታ ሐሙስ ሐሙስ ትልቁን ልጅ ከትምህርት ቤት አምጪልን» በሉ፣ ሰው ሊረዳ ይፈልጋል፣ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም ብቻ።

የእድሩን ዳኛ ቀድማችሁ አናግሩ፣ አንዳንድ እድር ለህመምም የሚሰጠው ነገር አለ። ደም ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑ ጤነኛ ሰዎችን ስምና ስልክም ጻፉ፣ ፕላትሌት የሚቆየው ለ5 ቀን ገደማ ብቻ ስለሆነ ቀድሞ አከማችቶ ማስቀመጥ አይቻልም፣ ሰው ነው በተጠንቀቅ መቆየት ያለበት።

ሰፈር ውስጥ ወይ ቤት ውስጥ ኩፍኝ ወይም ጉድፍ የወጣበት ልጅ ከነበረና የእናንተ ልጅ ከቀረበው በዚያው ቀን ለሀኪሙ ንገሩ፣ ሽፍታ እስኪወጣበት አትጠብቁ። ቤት ለቤት የፖሊዮ ጠብታ ሲመጣ ለታመመው ልጅ አይሰጥ፣ ለወንድሞቹም ከመሰጠቱ በፊት ሀኪሙን ጠይቁ፣ ጠብታው ሕያው ስለሆነ ከእነሱ ወደ እሱ ሊተላለፍ ይችላል።

ወንድም እህቶቹን አትርሷቸው። ተጣልቼው ነበር፣ በእኔ ነው የታመመው ብሎ በልቡ የሚይዝ ልጅ አለ። በሽታው እንደማይተላለፍና ማንም እንዳላመጣበት በግልጽ ንገሯቸው።

9. ለልጁ ምን ይባላል

አትዋሹት። «መርፌው አያምም» ካላችሁ ከዚያ በኋላ የምትሉትን ሁሉ አያምንም፣ «ትንሽ ያማል፣ እጄን ያዝ፣ ቶሎ ያልቃል» በሉት። ትንሽ ከሆነ «ደምህ ውስጥ መጥፎ ሴሎች አሉ፣ መድኃኒቱ ያስወጣቸዋል» ይበቃል። ከ10 ዓመት በላይ ከሆነ ካንሰር የሚለውን ቃል ከእናንተ ይስማ፣ አለበለዚያ ከጎን አልጋ ይሰማዋል።

«ምን በድለን ነው» የሚል ንግግር ልጁ ባለበት አይነገር። ዘመድ ቡዳ ነው መተት ነው የወላጅ ኃጢአት ነው ካለ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን ጥቀሱለት፣ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠይቁት ጌታ እሱም ወላጆቹም አልበደሉም ነው ያለው። «ጎበዝ ሆነህ ከጸለይክ ትድናለህ» የሚለውም አይባል፣ ህመሙ ሲብስበት ጎበዝ ስላልሆንኩ ነው ብሎ ያስባልና።

10. ገንዘብና ማደሪያ

የዋርዱን ሶሻል ወርከር በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፣ ገንዘብ ሲያልቅ አይደለም። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ካላችሁ ሪፈሩ በተዋረድ መጻፉን አረጋግጡ፣ ያለ ሪፈር በቀጥታ ከመጣችሁ ካርዱ ላይሠራ ይችላል። አቅም ከሌላችሁ ከወረዳችሁ የነፃ ህክምና ደብዳቤ ጠይቁ። ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ ለመጣችሁ ተስፋ አዲስና የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የሚባሉት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ማደሪያና እገዛ አላቸው፣ ሶሻል ወርከሩ ያገናኛችኋል። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ሳይሆን ጅማ፣ ጎንደርና መቀሌም የልጆች ካንሰር ህክምና አለ፣ ቅርባችሁ ያለው የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፣ ረጅሙን ክፍል ቅርብ ሆኖ መከታተል ከተቻለ ቤት ሳይሸጥ ይወጣል። በሬውንም መሬቱንም በመጀመሪያው ወር አትሽጡ፣ መንገዱ ረጅም ነው።

11. ሀኪሙ «ከዚህ በኋላ ማዳን አንችልም» ካለ

ይህን መጻፍ አልፈልግም ነበር፣ ግን ይጠይቁኛል። ማዳን አይቻልም ማለት ማከም ቆመ ማለት አይደለም። ህመም ማስታገሻ ጠይቁ፣ በሽሮፕ የሚሰጥ ሞርፊን አለ፣ ሀኪም በሚያዘው ልክ ሲሰጥ ልጁን አይገድለውም፣ ሱስ ይሆንበታል ብላችሁም አትከልክሉት። ሀኪሙ ባዘዘው ሰዓት ሰዓቱን ጠብቆ ይሰጥ፣ እስኪጮህ አይጠበቅ። ከሞርፊን ጋር ድርቀት ስለሚመጣ ማለስለሻውንም አብራችሁ ጠይቁ። ቤት ይሁን ወይስ ሆስፒታል የሚለውን ከሀኪሙ ጋር ተነጋገሩ፣ ሆስፒስ ኢትዮጵያን የመሰለ ቤት ድረስ መጥቶ የሚያስታግስ ድርጅትም አዲስ አበባ አለ። ካህኑን አሁን ጥሩ፣ ይቁረብ፣ የፈለገውን እንዲበላም የምግብ ክልከላው ይነሳለት ወይ ብላችሁ ሀኪሙን ጠይቁ። የሩቅ ጸበል ጉዳይ እዚህ ላይ እንደገና ይነሳል፣ ሞርፊኑና ተሸካሚ መኪና ካለ፣ ልጁም እሺ ካለ፣ ያን ጊዜ ውሳኔው የእናንተ ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ጸበል መሄዳቸውን ወይም ቅጠል መስጠታቸውን ከሀኪም መደበቅ። ይቆጡናል ብላችሁ ነው፣ የሚቆጣ ካለ ይቆጣ፣ ካላወቀ ግን የተበላሸውን ላብራቶሪ ከኪሞው ነው ብሎ መጠኑን ይቀንሳል።
- ቀጠሮ በዓል ላይ ሲውል መዝለል። ፋሲካ ሲቃረብ ቀድማችሁ ደውላችሁ ቀኑን አስቀይሩ።
- መድኃኒት ከፋርማሲ ጠፍቷል ብሎ ዝም ማለት። ኪኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፈልጉ፣ ካጣችሁ ዋርዱን ጠይቁ፣ ውጭ ሀገር ዘመድ ያላችሁም ከሀኪሙ የመድኃኒቱን ስምና የኪኒኑን ሚሊግራም ሳታስጽፉ አታስልኩ፣ ሌላ መጠን ይዞ ይመጣል።
- እናት ብቻዋን ወር ሙሉ ዋርድ ማደር። አባት፣ አክስት፣ አጎት በተራ ይደሩ፣ ተረኛው ደብተሩን አንብቦ ይረከብ። ያልተኛ ሰው ነው ረቡዕን ማክሰኞ የሚያደርገው።
- ፎቶውን ከነስሙ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ገንዘብ መሰብሰብ። ልጁ ያድጋል፣ ትምህርት ቤትም ይመለሳል። ፊቱ ሳይታይ የሀኪም ወረቀቱንና የባንክ ሒሳቡን ብቻ ማውጣት ይበቃል፣ ሒሳቡም በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን።
- ህክምናው ሲያልቅ ክትትሉን መተው። ካለቀ በኋላም ለዓመታት በቀጠሮ ደም ይታያል፣ ያመለጡት ክትባቶችም መቼ እንደሚሰጡ ሀኪሙ ይነግራችኋል፣ ደብተሩን አትጣሉት።